ሞፈርና መስክ፤ በሙጋና በሱሃ ወንዞች ሜዳ

ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ የደጀንን ጠመዝማዛ አቀበት የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ብቻ ከፍ ከሚለው የበረሃ ወለል ጀምሮ 2,400 ሜትር ገደማ እስከሚደርሰው የደጋ ጫፍ ድረስ፣ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ቆላውንና ወይና ደጋውን በተራ ያልፋል፤ ማሽላው ከግራርና ከቁጥቋጦ ጋር ተደባልቆ በበቀለበት ቁልቁለት ሲንገላታ ቆይቶም፣ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ባለ ጊዜ ዳርቻው የማይታይ ጥቁር ሜዳ ይቀበለዋል። ይህ ሜዳ የጥኖራንና የትመንን ይዞ ወደ ቢቸና፣ ከቢቸናም በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቅ ሲሆን፣ በምዕራቡ ከፍታው 4,000 ሜትር የሚያልፈው የጮቄ ተራራ ቆሞበታል፤ በምሥራቁና በደቡቡ ደግሞ ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው ከብቦታል።

ከጮቄ የሚመነጩት ሙጋና ሱሃ፣ ሌሎችም ብዙ ወንዞች፣ ይህን ሜዳ እየከፈሉ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ጉዟቸው ሦስት መልክ አለው፤ በላይኛው ደጋ፣ ገብስና ድንች እንዲሁም እንግዶ በሚዘራበት፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ በሚበቅልበት አገር፣ ድንጋይ እያንከባለሉ ይሮጣሉ፤ በመካከሉ ሜዳ ላይ ግን ፍጥነታቸውን ትተው፣ ግራና ቀኛቸውን አርጥበው፣ በክረምት እስከ አፋቸው እየሞሉና በበጋ ወደ ቀጭን ጅረት እየተመለሱ ይጓዛሉ፤ ወደ ዓባይ አፋፍ በተቃረቡ ጊዜም መሬቱን ሰንጥቀው ወደ ገደል ይገባሉ። የሰው ልጅ በዚህ ምድር የሠራው ሥራ ሁሉ የተሠራው ይበልጡን በመካከለኛው መልክ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ሜዳ የመሬት አያያዝ መረዳት የሚሻ ሰው፣ ዓይኑን ስሙ በገነነው የጎጃም ጤፍ ላይ ብቻ ሳይሆን ጤፍ ባልተዘራበት፣ ወይም ከአንድ ትውልድ በፊት ባልተዘራበት ስፍራ ላይ፣ ይኸውም በወንዞቹ ዳር በነበረው መስክ ላይ ማሳረፍ ይገባዋል።

አስቀድሞ ግን ስለ አፈሩ እንናገር፤ በዚህ አገር አፈሩን ሳያውቁ ሕጉንም ታሪኩንም ማወቅ አይቻልምና። የሜዳው አፈር ይበልጡን ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ የሚለው፣ ሊቃውንተ አፈር ቨርቲሶል የሚሉት ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። በበጋ ተኮማትሮ የሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናም በነካው ጊዜ ደግሞ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋና ውኃውን ወደ ታች የማያሳልፍ ጭቃ ይሆናል፤ ሲደርቅ ማረሻ አያስገባም፣ ሲረጥብም በሬን እስከ ጉልበቱ ይይዛል። ከሁለቱ ጽንፎች መካከል ያለችው የእርሻ ጊዜ አጭር ናት፤ ገበሬውም ዓመቱን ሁሉ የሚያሰላው ለዚያች ጊዜ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀውን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ትቆጥራለች፤ የዋልካው ገበሬ የዘር ቀጠሮም ከዚህ ሥርዓት ብዙም አይርቅም። መሬቱ ገና ከበልግ ጠብታ ጀምሮ ተገምሶና ተደጋግሞ፣ አራት አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታርሶ ይቆያል። በሐምሌ፣ ዝናሙ በበረታበት ወራት፣ የመጨረሻው እርሻ እንዳለቀ፣ ከብቱ ወደ ማሳው ይነዳል፤ በሬው፣ ላሙ፣ አህያው ጭቃውን ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይረግጠዋል፤ ልጆች በጭቃው መካከል እየሮጡ ይነዳሉ፤ አባወራው ከኋላ ሆኖ ለስላሳ በሆነው ገጽ ላይ የጤፉን ዘር በእጁ ይበትናል። ረግጦ መዝራት ለተመልካች ጨዋታ ቢመስልም ብልኃቱ ጥልቅ ነው፤ የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለሆነች ጓል ከበዛበት አፈር ውስጥ ከወደቀች ትጠፋለች፣ የተረገጠው ገጽ ግን በላዩ ያስቀራታል፤ አረሙንም ጭቃው ውስጥ ይቀብረዋል። ጤፍ ከሌሎች እህሎች ይልቅ ውኃ የተኛበትን መሬት ስለሚታገሥ ዋልካውን የያዘው እርሱ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም፣ ውኃው ከለቀቀው ማሳ ላይ ሽምብራው፣ ምስሩና ጓያው ይዘራሉ፤ እነዚህ ዝናም ሳይሹ አፈሩ አዝሎ ባስቀረው እርጥበት ብቻ እስከ ጥር ይደርሳሉ። ጓያ በችግር ዓመት ነፍስ አዳኝ ሆኖ፣ አብዝቶ ለብዙ ወራት የበላውን ሰው ግን እግሩን ሽባ የሚያደርግ እህል መሆኑን የደጋው ሕዝብ በመከራ ያውቀዋል።

ስንዴ ከጤፍ የተለየ ጠባይ አለው፤ ውኃ የተኛበትን ሥር ይጠላል። ስለዚህ ስንዴን በዋልካ ላይ ለማብቀል ውኃውን የሚያወጣ ቦይ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት ጥናት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ከባህላዊው ሞፈር ተዋቅሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ የሥራው አሳብ ሁለት ሞፈሮችን በአንድነት አያይዞ በአንድ ጥማድ በሬ ማስጎተት ነው። ይህ ብልኃት በዋልካ አገሮች ሁሉ እኩል ባይስፋፋም፣ ስንዴ በምሥራቅ ጎጃም ሜዳ ላይ ስፍራ እንዲይዝ መንገድ ካበጁት ነገሮች አንዱ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ኩንጮ የተባለው የጤፍ ዘርም በጎጃም ገበሬ እጅ በፍጥነት ገብቷል። ነገር ግን ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ ቦዩም በአንድ ነገር ላይ የቆሙ ናቸው፤ እርሱም በሬ ነው።

ጥማድ በሬ ያለው ሙሉ ገበሬ ነው። አንድ በሬ ያለው አንድ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ በየተራ ያርሳል፤ በሬ የሌለው ጉልበቱን ሰጥቶ በሬ ይዋሳል፣ ወይም መሬቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ ሰጥቶ ያሳርሳል። ከፍተኛው የበሬ ሥራ ደግሞ የሚውለው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ይህም የበጋው ገለባ ተበልቶ ያለቀበት፣ ማሳው ሁሉ በዘር የተያዘበት ወቅት ነው። እንግዲህ በሬው በዚያ ወራት ምን በልቶ ያርሳል? የቀደሙት አባቶች መልስ የወንዙ ዳር መስክ ነበረ። ሙጋና ሱሃ በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ለዘር የማይመች፣ ሣሩ ግን ለምለም የሆነው ዝቅተኛ መሬት፣ ለማንም ሳይከፈል ለጋራ ይቆይ ነበር። ከመስኩ የበላው በሬ ዋልካውን ያርሳል፤ ከዋልካው የወጣው ጭድ በበጋ በሬውን ይመግባል፤ የበሬው ፍግ ወደ ጓሮው ይገባል። የሜዳው የመሬት አያያዝ ሥርዓት ይህ ነው፤ ማሳና መስክ ሁለት ነገር ሳይሆኑ የአንድ ሥራ ሁለት ወገን ነበሩ።

ይህን ሥርዓት ደግፎ ያቆመው ሕግ ርስት ነበረ። በጎጃም አንድ ሰው መሬት የሚያገኘው ቀደም ሲል አገሩን ካቀናው ዋና አባት መወለዱን አስመስክሮ ነው፤ ትውልዱም በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር አንድ ገበሬ በሦስትና በአራት አጥቢያ ርስት ሊጠይቅ ይችል ነበር። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል። ርስት ክርክርን የሚወልድ፣ ዳኛና ሽማግሌ የማያሳርፍ ሥርዓት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ጥቅምም ነበረው። የአንድ ሰው መሬት አንዱ ቁራጭ በዋልካው፣ አንዱ በቀዩ አፈር፣ አንዱም በተራራው ግርጌ ስለሚውል፣ በረዶ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል፤ መስኩም የአንድ ተወላጅ ሳይሆን የሁሉ ስለነበረ ማንም ብቻውን ሊያርሰው አይችልም።

ከርስቱ በላይ ጉልት፣ ይኸውም ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት፣ ነበረ፤ ጉልትም በዚህ አገር ከታላላቅ አድባራት ጋር የተሳሰረ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእቴጌ እሌኒ የታነጸው መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ ሁሉም ሰፊ መሬት ነበራቸው። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ዓመት ያቋቋመችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናት፤ ለካህናቱ ሪም ተብሎ የተደለደለው መሬት፣ በኋላም የተሸጠውና የተለወጠው፣ በደብሩ መጻሕፍት ውስጥ በግዕዝና በአማርኛ ተጽፎ ተቀምጧል። ዶናልድ ክረሚ ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ታሪክ የጻፈው ታላቅ ጥናት በእነዚህ መዛግብት ላይ በእጅጉ ተመሥርቷል። ሀብታሙ መንግሥቴ ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም መዛግብት ላይ ባደረገው ምርምር፣ ከባለርስቱና ከባለጉልቱ ሌላ ዜጋ የተባለ፣ የራሱ ርስት የሌለው፣ በጌታ መሬት ላይ ተቀምጦ የሚገዛ ወገን በዚህ አገር እንደነበረ አስረድቷል። ይህን የምጠቅሰው የቀድሞው ዘመን ሁሉ በጎ ነበር እንዳይባል ነው፤ መስኩ የጋራ በነበረበት አገር ሰው ሁሉ እኩል አልነበረም። ከዲማ የአብነት ትምህርት የቀሰሙት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልቦለድ፣ ባላገሩ ከባለጉልቱ ጋር የተጋጨበትን ነገር ዲማን መድረክ አድርገው መጻፋቸውም ከዚሁ እውነት የተነሣ ነው።

መንግሥት መሬቱን በገመድ ሊለካ በፈለገ ጊዜ ግን፣ ባለርስቱም ካህኑም በአንድነት ቆመዋል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍ እና ጠፍ ብሎ በጋሻ እየለካ የሚያስገብር ሲሆን፣ ጎጃም ከበጌምድርና ከትግሬ ጋር ከዚህ ልኬት ወጥቶ በቀድሞው ልማድ እንዲገብር ተደርጓል፤ ምክንያቱም ሕዝቡ የመሬት ልኬትን የርስት መጥፊያ አድርጎ ያይ ስለነበረ ነው። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 በታወጀ ጊዜ፣ ግምት ለመያዝ የተላኩትን ሹማምንት ገበሬው አላስገባም አለ፤ ዐመፁም ከሁሉ ይልቅ የበረታው በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች ነበር። ይህ ሕዝብ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአርበኛው በላይ ዘለቀ ጋር በዓባይ በረሃ የተዋጋ፣ መሣሪያውን ያልጣለ ሕዝብ ነው። መንግሥት ወታደር፣ በኋላም አውሮፕላን ላከ፤ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከስፍራቸው ተነሡ፣ ንጉሠ ነገሥቱም የተከማቸውን ውዝፍ ግብር ማሩ። ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬዎች ዐመፅ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ታሪክ በሰፊው ተርኮታል። ገመዱ በዚያ ዓመት ተመለሰ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ መጥቷል።

በመካከሉ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬትም እንዳይሸጥና እንዳይከራይ ተወሰነ። ጭሰኛ በበዛበት የደቡብ አገር አዋጁ የነፃነት ደወል ነበር፤ ባለርስት በበዛበት በጎጃም ግን ስሜቱ የተደበላለቀ ነበር፤ የትውልድ ክርክር በአንድ ቀን ቀርቶ፣ መሬት የሚሰጥም የሚነሣም የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። ለመስኩ የመጀመሪያው አደጋ የመጣው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። አዲስ ጎጆ የወጣ ወጣት ሁሉ መሬት ይገባኛል ሲል፣ ማኅበሩ ከአባቱ ማሳ ከሚቆርስ ይልቅ ባለቤት ከሌለው መስክ ቢቆርስለት ጠብ አይነሣም፤ የመስኩ ጠበቃ የነበረው የተወላጅ ማኅበር ፈርሷልና።

ከዚያ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘመን ተከተለ። በ1971 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት ማኅበራቱ ሦስት ደረጃ ነበራቸው፤ በመልባ መሬቱ የጋራ ሆኖ በሬውና መሣሪያው የግል ይሆናል፤ በወልባ በሬውም ወደ ጋራ ይገባል፤ በወላንድ ብዙ ማኅበራት አንድ ይሆናሉ። የጥኖራ በዚያ ዘመን ስማቸው በአርአያነት ከተጠራ ማኅበራት አንዱ ነበረ። የተበታተኑት የርስት ቁራጮች ተጋጥመው ሰፊ ማሳ ሆኑ፤ በሬው በማኅበሩ ቀንበር ሥር ዋለ፤ የሥራ ቀንም በነጥብ ተቆጠረ። ማኅበራቱ ከአካባቢው ደኅና ደኅናውንና ኩታ ገጠም የሆነውን መሬት ሲይዙ፣ በግሉ የቀረው ገበሬ ወደ ዳር፣ ወደ ተዳፋቱና ወደ ረግረጉ ይገፋ ነበር፤ የወንዙን ዳር ለሞፈር የዳረገው አንዱ ግፊትም ይህ ነው። የጎጃም ገበሬ በዚያው ላይ እህሉን በቁርጥ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ ይገደድ ስለነበረ፣ ኮታውን ለመሙላት ሲል የሚታረስ መሬት መጨመር ነበረበት። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጁ ጊዜ፣ ገበሬው ማኅበሩን ለመበተን ብዙ ሳምንታት አልፈጀበትም፤ ማሳው ተከፈለ፣ በሬውም ወደየቤቱ ተመለሰ። የኅብረት ሥራ አሳብ ራሱ ክፉ ነበር ለማለት አይደለም፤ ግን ሰው ያልመከረበት ኅብረት መሬትን ቢያጋጥም ልብን አያጋጥምም።

በ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል ባወጣው አዋጅ ቁጥር 16 መሠረት መሬት እንደገና ተደለደለ፤ ገመዱም ተመልሶ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። መለኪያው ቃዳ ነበር፣ ይኸውም የሄክታር ሩብ። በቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር አመራር ያገለገሉት «ቢሮክራሲ» ተብለው፣ ከዚያም በፊት የነበሩት ባለጉልቶች «ፊውዳል» ተብለው፣ ከ4 ቃዳ በላይ እንዳይዙ ሲወሰን፣ ሌላው ገበሬ ግን እስከ 12 ቃዳ ሊይዝ ይችል ነበር። ስቨን ኤገ የተባለው የኖርዌይ ሊቅ ይህን ድልድል በጥንቃቄ መርምሮ ጽፏል። መሬት ያልነበራቸው ሴቶችና ወጣቶች በዚህ ድልድል ማሳ ማግኘታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ይህንን ለመካድ የሚቻል አይደለም። ነገር ግን ለአንድ የማኅበር ሹመት ሲባል የአንድ አባወራ ልጆች ሁሉ በአንድ ሄክታር እንዲወሰኑ መደረጉ በየቤቱ የተከለው ቁስል አለ፤ ከዚያ ወዲህም ሌላ ጠቅላላ ድልድል ስላልተደረገ፣ ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ሁሉ ዛሬ ቤተ ሰብ የመሠረተ፣ ከወላጁ ማሳ ውጭ ግን መሬት የሌለው ጎልማሳ ሆኗል።

እነዚህ ለውጦች በምድሩ መልክ ላይ የጻፉትን ከአየር የተነሣ ሥዕል ያሳየናል። ጌቴ ዘለቀና ሐንስ ሁርኒ በደምበጫ አካባቢ ባጠኑት ተፋሰስ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ 39 በመቶ ብቻ የታረሰ የነበረው፣ በ1995 ወደ 77 በመቶ አድጓል፤ የተፈጥሮ ደኑም በ1957 ከነበረበት 27 በመቶ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ ወርዷል። የዚያ አካባቢ ተፋሰስ ከሙጋ ሜዳ የተለየ ቢሆንም፣ ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ምስሉን ሲያይ የራሱን አገር ያያል። ወልደ አምላክ በውቀት ግን ከጮቄ በሚወርደው የጨሞጋ ተፋሰስ ላይ ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1998 ባለው ጊዜ በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጥቂት እንደ ጨመረ አግኝቷል፤ ጭማሪው ግን የተፈጥሮ ደን ሳይሆን ሰው የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ሁለቱ ጥናቶች አይቃረኑም። የአገር በቀሉ ዛፍ መጠጊያ የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ብቻ ሲሆን፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ በየጓሮው ዳር የገንዘብ ሣጥን ሆኖ ቆሟል።

ባሕር ዛፍን የሚወቅሱ ብዙዎች ናቸው፤ ውኃ ይጠጣል፣ ጎረቤቱን ያደርቃል ይላሉ፤ ማሳ ዳር ሲተከል እውነትም የጎረቤቱን እህል ይጎዳል። ሆኖም ማገዶ በሌለበት አገር ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ ኩበቱ ሁሉ ወደ ምድጃ ይገባ ነበር። ዛሬም ብዙው ይገባል። ፍግ ወደ ማሳ የማይመለስበት ሜዳ ከዓመት ወደ ዓመት የሚያድሰው ዳፕና ዩሪያ ብቻ ይሆናል፣ የዚህም ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ የገበሬውን ትርፍ ይበላል። ሁሉም ነገር የሚመለሰው ወደዚያው ወደ መስኩ ነው። መስኩ ሲታረስ በሬው የሚግጠው አጣ፤ በሬው ሲከሳ እርሻው ዘገየ፤ ከብቱ ሲቀንስ ፍጉ አነሰ፤ ከብት የቀረውም በማጭድ ከታጨደው የጤፍ ጭድ ሌላ ምግብ ስለሌለው፣ ጭዱ ከማሳው እስከ መጨረሻው ተጠርጎ ይወሰዳል፤ አፈሩም ባዶውን ለመጀመሪያው የሰኔ ዝናም ይጠብቃል። ሞፈር የበሬውን መስክ በላ፣ በዚያውም ራሱን አስራበ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክር ሁሉ ይኸው ነው።

ከወንዙ ዳር ሣር መነሣቱ ሌላም ጉዳት አለው። ሣር የያዘው ዳርቻ ጎርፍን ያዘገያል፣ ደለልን ያስቀራል፤ ታርሶ ሲለሰልስ ግን ሙጋም ሱሃም በየክረምቱ ዳራቸውን እየናዱ ይሰፋሉ፣ ከወንዙ የሚነሣ ቦረቦርም ወደ ማሳው እየገባ ጥቂት ቃዳ ያለውን ገበሬ ካለው ላይ ይቀንስበታል። ከዚህ የተነሣው አፈር ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም የሚቀበለው ደለል ከእንዲህ ያለ ማሳ የሚታጠበው ነው። ለዘመናት ወደ ግብፅ የሄደው አፈር አሁን በራሳችን ሐይቅ ሥር የሚተኛ ከሆነ፣ የላይኛው ተፋሰስ ጉዳይ የአንድ ወረዳ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል ማለት ነው።

ገበሬው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። የትመን፣ ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ደጋግመው ካጠኗቸው 15 የገጠር መንደሮች አንዷ፣ ጥልቀቱ ብዙ ያልሆነ ጉድጓድ በመቆፈር ሽንኩርትና ቃሪያ በማምረት ትታወቃለች። በበጋ ወንዝ ዳር የሚያንኳኳው የውኃ ሞተር ድምፅም ከቢቸና እስከ ሞጣ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ይህ የመስኖ ሥራ ለወጣቱ ከጤፍ የበለጠ ገንዘብ በአጭር ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከመንደሩ ወጥቶ በየከተማው ከመንከራተትም ያድነዋል። መስኩ እንደገና እንዲነጠቅ ያደረገ ምክንያትም ግን ይህ ነው፤ ለመስኖ የሚመቸው ሜዳማ መሬት ያው የወንዙ ዳር ነውና። ስለዚህ ጉዳዩ በክፉ ሰውና በደግ ሰው መካከል ያለ ክርክር አይደለም፤ ሽንኩርት የሚተክለው ወጣትና በሬውን የሚያግጠው አባቱ ሁለቱም እውነት አላቸው፣ ምሬታቸውም ከአንድ ጥበት ይመነጫል።

ሕጉስ ምን ይላል? ከ1990ዎቹ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአማራ ክልል የተጀመረው የመሬት ይዞታ ምዝገባ፣ ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዱን ያደረገው በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ አዲስና ጉሊት ላይ ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስምም ፎቶግራፍም በአንድነት መውጣቱ ሴቶች በፍቺና በሞት ጊዜ መሬታቸውን እንዲያስከብሩ ታላቅ ኃይል ሰጥቷቸዋል፤ በ1960 ዓ.ም. ልኬትን በጥይት የመለሰው ሕዝብ ልጆች ዛሬ ደብተሩን በሣጥን ቆልፈው ይይዙታል፤ ቀጥሎም በመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ እያንዳንዱ ማሳ ወሰኑ በካርታ እየተነሣ ነው። እስከ 2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ ቁልቁለቱ ከ60 በመቶ የሚበልጥ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነውም በእርከን ብቻ እንዲታረስ ያዝ ነበር፤ ስለ ረግረጋማ መሬትም ይናገር ነበር። ያ ሕግ ዓይኑን የጣለው ይበልጡን በተራራው ላይ ነበር፤ ይህም ለጮቄ ተዳፋት የሚገባ ነው። በሜዳው ግን የቆሰለው ስፍራ ቁልቁለት የሌለው የወንዝ ዳር ስለሆነ፣ የተዳፋት መለኪያ አይደርስበትም።

የቅርቡ ዘመን ኩታ ገጠም እርሻ ከዚህ አንጻር ሊመረመር የሚገባው ነገር ነው። ጎረቤታሞች ወሰናቸውን ሳያፈርሱ በአንድ ጊዜ አርሰው፣ አንድ ዓይነት ስንዴ ወይም ጤፍ ዘርተው፣ ኮምባይነር በጋራ ያስገባሉ፤ ምርቱ ግን የየራሳቸው ነው። የየጥኖራ ማኅበር ያጣው ነገር፣ ማለትም የባለቤቱ ፈቃድና ድንበር፣ በዚህ አሠራር ተጠብቋል፤ ለዚህም ይመስላል ገበሬው ያልሸሸው። ማሳን ያለ ድልድል ማጋጠም ከተቻለ፣ መስክንስ እንዲሁ ማጋጠም ለምን አይቻልም? በወንዙ ግራና ቀኝ የታረሰውን ጠባብ ቁራጭ የያዙ ገበሬዎች፣ ይዞታቸውን ሳይለቁ፣ ዳርቻውን በአንድነት ወደ ሣር ቢመልሱትና ሣሩን በተራ እያጨዱ ለታሰረ ከብት ቢወስዱት፣ ከሚያጡት ጥቂት ጤፍ ይልቅ በሰኔ በሬያቸው የሚያገኘው ጉልበት ይበልጣል። ከብት ወደ መስክ ሳይገባ ሣሩ ወደ ከብት መሄዱ መሬቱ ከመረገጥ እንዲድን፣ የሣሩም ምርት እንዲጨምር ያደርጋል፤ በልዩ ልዩ የጎጃም ቀበሌዎች ከብት የተከለከለባቸው ተራሮች ሣር እየታጨደ ለነዋሪ ሲከፋፈል የታየው ልማድም ወደ ወንዝ ዳር ሊወርድ የሚችል ነው።

ለዚህ ግን አስቀድሞ መደረግ ያለበት አንድ ሥራ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ ማሳን ሁሉ ቁጥር እየሰጠ ሲያልፍ፣ መስክን በጅምላ «የወል» ብሎ ትቶት እንዳያልፍ፤ የሙጋና የሱሃ ዳርቻ ሁሉ እንደ ማንኛውም ማሳ ወሰኑ ተነሥቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ሣሩን የሚያጭዱት የአጥቢያው ሰዎች፣ በተለይም በ1989 ዓ.ም. ድልድል ጊዜ ሕፃናት የነበሩትና ዛሬ መሬት የሌላቸው ወጣቶች፣ በስማቸው ተመዝግበው ደብተር ይያዙበት። ባለደብተር የሆነ ወጣት በመስክ ላይ የሚመጣን ሞፈር እንደ ርስቱ ይከላከላል፤ የሣር ድርሻውንም ለሚቀልብ ጎረቤቱ ሸጦ በመስኖ ከሚያገኘው ላይ ይጨምራል። ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካርታ በሚያነሣበት ቀን ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር በወንዙ ዳር ቆሞ የትኛው መስክ መቼ እንደ ታረሰ ቢጠይቃቸው ይበቃል፤ ሽማግሌዎቹ ያውቁታልና።